የሰሚራን እጅ ለማስፈታት ሀዋሳ የከረምንበት

ከሀላባ ቁሊቶ ወጥታችሁ የማታውቁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም እስከዚያ ዓመት ድረስ ከሻሸመኔ ወዲያ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ከተመለስን ወዲህ ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ "እስቲ ንገሪን" ይሉኛል፤ እነግራለሁ። አንዷ ለሌላዋ ስታወራው ግን ወሬው ተጣሞ እኔው ጋ ይመለሳል። አንዷማ "የሰሚራን ጉሮሮ ቀደው በዚያ በኩል እጇን አወጡት" ብላ አውርታለች። ስለዚህ ራሴ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ጽሕፈቴ ቢወላገድ እውነቱ አይወላገድም።

ሰሚራ የመጨረሻ ልጄ ናት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እኔ በርበሬ ገበያ በዋልኩበት ቀን፣ ፍም ላይ በቀኝ እጇ ወደቀች። ቁስሉ ሲድን አራቱ ጣቶች ከመዳፏ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። አባቷ "በግራ ትጻፍ፤ አላህ ሁለት እጅ የሰጠን ለዚህ ነው" ይላል። ጎረቤት ደግሞ "ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ፣ እንጨት መልቀም አያቅታት" ይለኛል። ፍሙን ያዳፈንኩት እኔ፣ ገበያ የሄድኩት እኔ፤ እነሱ ምን ያስጨንቃቸዋል?

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ዓመት ነው። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ብርቱካን የምትባል የሲዳማ ልጅ ናት፤ ሽንት ቤታችንን ልታይ መጥታ የሰሚራን እጅ አየች። "እትዬ፣ ሀዋሳ ሐኪሞች ይመጣሉ። በእሳት የተጨበጠ እጅ ይፈታሉ። የሚቆዩት ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀትር ብቻ ነው" አለችኝ። እጅ መፈታቱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ "በማደንዘዣ ትተኛለች" ስትል ደስታዬ ጠፋ። ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ በኛ ሰፈር ሞልቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ለድጋፍ ደብዳቤው "መጀመሪያ ስብሰባ ተሳተፊ" አለኝ። "ልጄን አስታቅፌህ ልሳተፍ?" ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ማኅተሙን መታ።

ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። የብርቱካን እናት ሀዋሳ ስለሚኖሩ እዚያ እንድናርፍ ተነግሮናል፤ ባዶ እጅ አይኬድምና ሁለት ኪሎ የተፈጨ በርበሬ በፌስታል ቋጥሬ ይዣለሁ። ረዳቱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት አድርጎን ተሳፈርን። ሰሚራ ጭኔ ላይ፣ በርበሬው እግሬ ሥር።

ሻሸመኔ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ረዳቱ ሰው ሊያወርድ ሲል ፌስታሉን ረገጠው። ፈነዳ። ወላሂ፣ መኪናው ውስጥ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም ሳለ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ዳር ያዘ። ረዥም የሀላባ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በመስኮት ዘለው ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። "ይቺ ሴት ልትፈጀን ነው የተሳፈረችው!" አለ ረዳቱ።

"የረገጥከው አንተ፣ የምትከሰኝ እኔን!" አልኩት። "ደግሞ የሀላባ በርበሬ ነው፤ ሌላ ሰው ገዝቶ ነው የሚያስለው።"

ሽማግሌው እያሳላቸው ሳቁ። ሰሚራም ሳቀች። እኔ ግን ስታስል አንገቷን ይዣት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንፋሿን ሳላዳምጥ የዋልኩበት ሰዓት የለም።

ከሻሸመኔ ሌላ መኪና ይዘን ሀዋሳ ገባን። መንገዱ እንደ ክር የተወጠረ፣ ግራ ቀኙ ዛፍ። አቧራ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሐይቁን ሳይ ግን ተናደድኩ። እኛ በጄሪካን ስንሰለፍ፣ ይህን ያህል ውሃ እዚህ ተኝቶ ማንም አይሰለፍበትም! ሰሚራ "እማ፣ ይሄ ሁሉ የማነው?" አለችኝ። "ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው" አልኳት።

ባጃጅ ይዘን ወደ ቡሹሎ በኩል ሄድን። የብርቱካን እናት፣ እማማ ዳንጊሴ፣ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ብለው "ኬሬ! ኬሬ!" እያሉ ተቀበሉን፤ በሲዳማ ሰላም ማለት ነው። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው። ገና ሳልቀመጥ "አንቺ እስላም፣ እኔ ጴንጤ። ሥጋ አላቀርብልሽም" አሉኝ። "ቅቤና ወተት ግን ሃይማኖት የለውም።"

በሸክላ ሳህን ቡርሳሜ አቀረቡልን። ቡርሳሜ ማለት የእንሰት ቂጣ ተፈርፍሮ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ወተት ፈስሶበት ነው። እኛ ቅቤ የምናየው በማንኪያ ጫፍ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ቂጣው ቅቤው ውስጥ ነው የሚዋኘው። ሰሚራ በግራ እጇ ሳህኑን ጠረገችው። እማማ ዳንጊሴ የተጨበጠውን እጇን አንስተው አዩትና ሳሙት።

በርበሬውን ይቅርታ ጠይቄ ከፌስታሉ የተረፈውን ሰጠኋቸው። ሁለት ጭብጥ ቢሆን ነው። "ይበቃል፤ የቀረውን ሾፌሩ በልቶታል" አሉ።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም። ጊቢው ሰፊ ነው፤ ከኛ የማክሰኞ ገበያ የሚያንስ ሰው አልነበረበትም። ከካርድ ክፍል እስከ ምርመራ ግማሽ ቀን ቆምን። ሐኪሙ የሰሚራን እጅ አገላብጦ "ይፈታል" አለ። አንድ ቃል ብቻ። ለዚያ ቃል ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ወደ ማደንዘዣው ክፍል ላኩን። እዚያ የተቀበለን ታሪኩ የሚባል ወጣት ነው። ሁሉም ዶክተር ይሉታል፤ እሱ "ዶክተር አይደለሁም እናቴ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው" ይላል። የሰሚራን አፍ ከፍቶ በባትሪ አየ።

"እንጥሏ የለም" አለ።

"እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት። በአርባ ቀኗ። ሳል እንዳይገድላት ብለውኝ ነው። ልትቆጣኝ ከሆነ ቶሎ ጨርስ" አልኩት።

አልተቆጣም። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። "ስንቷ እናት ትደብቃለች፤ እርስዎ ግን ተናገሩ" አለኝና "እንጥል የጉሮሮ በረኛ አይደለም። በረኛው ወደዚህ ዝቅ ብሎ ነው" ብሎ ጣቴን ወስዶ የራሴ ጉሮሮ ላይ አደረገው። "ምራቅዎን ይዋጡ።"

ዋጥኩ። ከጣቴ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ወደ ላይ ዘሎ ተመለሰ።

"ማንቁርት ይባላል። ሰው ድምፅ ማውጫ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ጥበቃ ነው። ምግብ ሲያልፍ ይዘጋል፤ አየር ሲመጣ ይከፈታል። አንድ ጠብታ ቢሳሳት ሳል ይጠራል።"

"መኪና ውስጥ በበርበሬ ያሳለን እሱ ነዋ?"

ሳቀ። "እሱው ነው። እኔ ልጅቷን ሳስተኛት ግን እሱም አብሮ ይተኛል። ስለዚህ በሩን እኔ ነኝ የምጠብቀው።"

ሁለት ዕቃ አሳየኝ። አንዱ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በማንቁርቱ በር ገብቶ ከውስጥ ይዘጋል። ሌላው እንደ ትንሽ ጭልፋ ጎድጎድ ያለ ለስላሳ ጎማ ነው፤ ከላዩ ቱቦ አለው፤ "የማንቁርት ጭንብል" ብሎ ጠራው። በሩ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ላይ ይከደናል። ጉሮሮ አይልጥም፣ ሲነቁም ብዙ አያስልም። ከሆድ ወደ ላይ የሚመጣ ነገር ካለ ግን እንደ ቱቦው አጥብቆ አይከለክልም። ለዚህ ነው ሆድ ባዶ መሆን ያለበት። ደግሞም ቱቦውን ሲያስገቡም ቢሆን ሆድ ሙሉ ከሆነ ያስፈራል አለኝ።

እሱ የሚያጠናው ይህንኑ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ለልጆች ይሻላል፣ የትኛው ሲነቁ ጉሮሯቸውን ያሳምማል። ልጆቹን የሚመድባቸው በታሸገ ፖስታ ነው። ፖስታው ቱቦ ካለ ቱቦ፣ ጭንብል ካለ ጭንብል።

"ዕጣ ማለት ነው?" አልኩት።

"አዎ፣ እንደ ዕጣ ነው። እኔ እንዳላዳላ።"

"ዕጣ የሚወጣው ለዕቁብ ነው። ልጄ ላይ ዕጣ አይወጣም።"

አጠገቡ የቆመችው ሲስተር የፈቃድ ወረቀትና የቀለም መርገጫ አመጣችልኝ። "እናት፣ ጣትሽን እዚህ አርጊ፤ ሰልፍ አለ" አለች።

"ምን እንደሚል አላነበብኩም።"

"ማንበብ ትችያለሽ?"

"አልቸኩልም እንጂ እችላለሁ።"

ተቀምጬ አነበብኩት። ድምፄን አውጥቼ፣ ፊደል በፊደል። ኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ፤ ሲስተሯ ሰዓቷን አየች። ወረቀቱ "በጥናቱ አልሳተፍም ማለት መብትዎ ነው፤ ሕክምናው አይቀርም" ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለሲስተሯ ነው።

ታሪኩ ወረቀቱን አልቀማኝም። "እሺ። ሐሙስ ናት ተራዋ። ከረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት በኋላ ምንም ነገር በአፏ አይግባ" አለኝ። ሰማሁ። ያኔ ሰሚራም ሰማች፤ ያልሰሙት እቤት የቀሩት እማማ ዳንጊሴ ነበሩ።

ረቡዕ

እማማ ዳንጊሴ "ፊትሽ ሬሳ መስሏል፣ ተነሺ" ብለው ከተማ አወጡን። በጉዱማሌ ስናልፍ ሜዳውን አሳይተው "እዚህ ዘመን መለወጫችን ፍቼ ሲከበር ብትመጪ ትረሺ ነበር፣ ጭንቀትሽን" አሉኝ። ያን ቀን ሜዳው ላይ ጥቂት ፍየሎች ብቻ ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ሰው ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲበላ አየሁ። ሰሚራ የዓሣ ሾርባ ጠጣች። እኔ አልቀመስኩም፤ የዓሣው ዓይን ያየኛል። በኛ አገር ምግብ ሰውን አያይም።

ማታ ለእማማ ዳንጊሴ "ነገ ሰሚራ ምንም አትቀምስም፤ ሐኪም ከልክሏል" አልኳቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ። ሁለቴ "እሺ" ያለ ሰው አንዴም እንዳልሰማ ይቆጠራል፤ ይህን አሁን ነው ያወቅሁት።

ሐሙስ

ለሱብሂ ሶላት ተነሥቼ ጓሮ ውዱእ አደረግሁ፣ ሰገድኩ፤ ዱዓዬ ረዘመ። ስመለስ ሰሚራ ለብሳ፣ ፀጉሯ በቅቤ አብረቅርቆ ቆማለች። እማማ ዳንጊሴ ግንባሯን ስመው በቋንቋቸው መረቋት። በባጃጅ ሄድን።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አሥራ ሁለት ልጆች ይዘን ተሰልፈን ነበር። ሲስተሯ ዝርዝሯን ይዛ እየዞረች "ጾሟል? ጾማለች?" ትላለች። ሁሉም "አዎ።" እኔም "አዎ" አልኩ። ጻፈች። ለሰሚራ አረንጓዴ ጋውን አለበስኳትና ጭኔ ላይ ተቀመጠች። አገሳች። ቅቤ ሸተተኝ። ፀጉሯ ነው ብዬ ነበር።

"እማ፣ የዛሬው ቡርሳሜ ከሰኞው ይጣፍጣል" አለችኝ።

"የዛሬው?"

"አንቺ ስትሰግጂ አያቴ ዳንጊሴ አጎረሱኝ። 'ይህ ምግብ አይደለም፣ ጉልበት ነው' አሉኝ።"

"ያ ረቢ! በላች እንዴ!" ብዬ ጮኽኩ።

አጠገቤ ከይርጋለም በኩል የመጣ አባት ተቀምጧል፤ ወንድ ልጁ ሁለተኛ ተረኛ ነው፤ ከሰሚራ ይቀድማል። ጎንበስ ብሎ "ዝም በይ እህቴ" አለኝ። "የኔም ሻይ በዳቦ ቀምሷል። ልጅ ነው፣ ረሃብ አይችልም። ከተናገርሽ ተራሽ ሄደ። ነገ ቀትር ላይ ሐኪሞቹ የሉም።"

አልዋሻችሁም፤ ዝም ልል አስቤ ነበር። የስድስት ዓመት ጸጸቴ ያለው እዚያች እጅ ላይ ነው፤ የሚፈታላትም ከበሩ ወዲያ ነው፤ ያለን ቀን ደግሞ ዛሬና ነገ። ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ምራቄን ዋጥኩ። ያ ነገር ዘሎ ተመለሰ። እሷ ስትተኛ እሱም ይተኛል። ተነሣሁ።

"ሲስተር፣ ልጄ በልታለች። ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ቅቤ በወተት።"

"አሁን 'ጾማለች' አላልሽም?"

"ያኔ አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ።"

ስሟ ላይ መስመር አሰመረች። "ወጣች። ቀጣይ!"

"ነገስ?"

"ነገ ሞልቷል። ሐኪሞቹ እንደገና ሲመጡ ትመጫለሽ። መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

እኔም በሩ ላይ ተቀመጥኩ። መሬት ላይ፣ ሰሚራን ታቅፌ፣ መግቢያውን ዘግቼ። ጥበቃ ተጠራ። ጥበቃው የአባቴ እኩያ ነበር፤ "ተይ ልጄ፣ ተነሺ፣ እንጀራዬን አታሳጪኝ" አለኝ።

"አባባ፣ እርስዎን አላስቸግርም፤ እሷን ነው የማናግራት" አልኩና ዞርኩ። "ሲስተር፣ ብዋሽሽ ኖሮ አሁን ልጄ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር። እውነቱን ብነግርሽ ወደ ቤት ሰደድሽኝ። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አይቷል። ነገ ማን ይነግርሻል? ሲዋሹሽ ቆይተው አንዱ ልጅ ከውስጥ ሳይነቃ ሲቀር እናቱን ትወቅሻለሽ። ዋሽታ ሳይሆን አስዋሽተሻት ነው!"

ልጄን ይዘው በጓሮ በር የሚያወጡኝ መስሎኝ ነበር።

የይርጋለሙ አባት ቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "የኔም ልጅ ቀምሷል" አለ። "ሻይ በዳቦ። ሁለት ዳቦ።" ይሄኔ አንዲት ሴት ሕፃን እንዳቀፈች "እኔም… ጡት" ብላ አለቀሰች። ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ሆንን።

ታሪኩ የይርጋለሙን ልጅ ሊወስድ አልጋ እየገፋ የወጣው ያኔ ነው። ሰማ። የልጁን ትከሻ ይዞ ቆመ፤ ከንፈሩ ነጣ። ወደ ውስጥ ተመለሰ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዋናውን ሐኪም ይዞ ነው። ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ነገ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመን እንጀምራለን። ሦስቱም ይገባሉ። አሁን በሩን ይልቀቁልኝ፣ ሌሎቹ ልጆች እንዲያልፉ" አለኝ።

ጥበቃው እጄን ይዞ አነሣኝ።

ታሪኩ እስከ ውጪ ሸኘኝ። "ጥያቄያችሁ ነው የተበላሸው" አልኩት። "እናትን 'ጾማለች ወይ' ካልካት 'አዎ' ትልሃለች፤ ከዚያ ሌላ መልስ የላትም። ልጁን ጠይቀው። 'ዛሬ ጠዋት የበላኸው ምን ይጣፍጣል?' በለው። ልጅ ጣፋጭ ነገር አይደብቅም።" ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው እኔ ያልኩትን ሲጽፍ ቆሜ አየሁ።

ለእማማ ዳንጊሴ ግን ምን ብዬ እንደምነግራቸው ስብሰለሰል ቡሹሎ ደረስኩ። ከበር ሆነው "ተፈታ?" አሉ።

"በቡርሳሜ ታሰረ" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ በሰው ቤት።

"ባዶ ሆዷን ለቢላ ልስጣት? እኛ አገር ወንድ ልጅ ሊገረዝ እንኳ ቅቤ ጠጥቶ ነው! ደም የሚፈሰው ሰው ቅቤ ካልያዘ በምን ይነሣል?"

ጣታቸውን ወስጄ ጉሮሯቸው ላይ አደረግሁ። "ይዋጡ" አልኳቸው። ታሪኩ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በሩን፣ በረኛውን፣ በረኛው ሲተኛ ከሆድ የሚመጣውን። እየዋጡ ሰሙኝ፤ ስምንት ጊዜ ሳይውጡ አልቀሩም። በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀምጠው "ልገድላት ነበር" አሉ። ተቆጥቼ የገባሁት ሴት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳባብላቸው አመሸሁ።

ዓርብ

እማማ ዳንጊሴም ከሰሚራ ጋር ጾሙ። ውሃ እንኳ አልቀመሱም። "እኔ ካልበላሁ እጄ ወደ አፏ አይሄድም" ብለው ሆስፒታል ድረስ አብረውን መጡ። እዚያ ሲደርሱ አዩ፤ ከገጠር የመጡት ብዙዎቹ እናቶች ሲስተሯ በአማርኛ የምትለውን አይሰሙም፤ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እማማ ዳንጊሴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቆመው በሲዳማ ይለፈልፉ ጀመር። ጉሮሯቸውን ይነካሉ፣ ይውጣሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተኛሉ፣ ይታነቃሉ። እናቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው አዳመጡ። አንዲቷ ከነጠላዋ ሥር የቋጠረችውን ቂጣ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሲስተሯ ቆማ ታይ ነበር። "እማማ፣ በየዓመቱ ይምጡልን" አለች። ከኔ ጋር ግን አልታረቅንም፤ አልጠበቅሁም።

ታሪኩ ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ "ዛሬ ጠዋት የበላችሁት ምን ይጣፍጣል?" ይላል። ሰሚራ "ምንም! አያቴም አልበሉም!" አለችው።

ወረቀቱን እንደገና አመጣልኝ። "አሁንስ?" አለኝ።

"ዕጣውን አሁንም አልፈልግም። ጥናትህን ስለጠላሁ አይደለም። ፍም ላይ የወደቀችው በዕጣ ነው፤ ሁለተኛ አይወጣባትም።"

"እሺ እናቴ። ሆዷ ባዶ ነው፤ ጭንብሉ ይበቃታል ብዬ አምናለሁ። ቱቦውም ተዘጋጅቶ አጠገቤ ይሆናል።"

"የእህትህ ልጅ ብትሆንስ?"

"ያንኑ ነው የማደርገው።"

ጭንብሉን ስጠኝ አልኩት። በፕላስቲክ ታሽጎ ነበር፤ በላስቲኩ ላይ ዳበስኩት። ይቺ ጭልፋ የምታክል ጎማ የልጄ በረኛ ልትሆን ነው። ለሕክምናው በገዛ እጄ ፈረምኩ፤ ከስሜ ሥር "በዕጣ አይደለም" ብዬ ጻፍኩበት። ታሪኩ አነበበው፣ አልሰረዘውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የቆየችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ምን እንደሚያህል ልነግራችሁ አልችልም። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ የማውቀውን ዱዓ ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እማማ ዳንጊሴ በየሱስ ስም ይጸልያሉ፣ እኔ በአላህ፤ አንዱ ወንበር ላይ።

በሩ ከመከፈቱ በፊት ሳል ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ቀጭን። የሷ ነው፤ ከመቶ ልጅ ሳል እለየዋለሁ። በረኛው ነቅቷል።

አልጋው ሲወጣ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ዓይኗን ገልጣ በጎርናና ድምፅ "ራበኝ" አለች።

እማማ ዳንጊሴ እንባቸው እየወረደ ወደኔ ዞሩ። "ዛሬስ ላብላት?"

"ሲስተሯን ይጠይቁ!" አልኳቸው። ጠየቁ። ወላሂ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ

ስድስት ሌሊት በየአልጋው ሥር ተኛን፤ አስታማሚ ሁሉ እንደሚተኛው። በእማማ ዳንጊሴ እጅ የማይመጣ ምግብ አልነበረም፤ የይርጋለሙም ልጅ ከዚያው በላ። የሱም እጅ ተፈቷል። አባቱ ዓይኔን አያይም ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት አናናስ አልጋችን ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ረቡዕ ፋሻው ተፈታ። ዞሬ ልቆም ነበር፤ "አይ፣ ያኔም ሳላያት ነው የተቃጠለችው" ብዬ አየሁ። ከጭኗ የተወሰደ ቆዳ መዳፏ ላይ ተሰፍቷል። አራቱ ጣቶች ለየብቻቸው፣ ቀጥ ብለው፣ ውስጣቸው ቀጭን ሽቦ ይዘው ቆመዋል። አብጠዋል፣ ያስፈራሉ። በመሀላቸው ግን ብርሃን ያልፋል። ሰሚራ እጇን ወደ መስኮቱ አዙራ በጣቶቿ መሀል አየችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ተሸኘን። የሆስፒታሉ ሐኪም "እጇ ከደረቷ በላይ ይሁን፣ ማንም አይንካው" ብሎ አዟል። እማማ ዳንጊሴ ትንሽ ትራስ ሰፍተው ሰጡን። መናኸሪያው ላይ ቁሊቶ ድረስ የሚሄድ መኪና አገኘን፤ መስኮቱ ጋ ሰሚራን አስቀመጥኩ፤ ትራሱን አጠገቧ፣ እጇን ትራሱ ላይ፣ እኔ ከወዲህ። ረዳቱ መጣ። ሌላ ረዳት ነው፤ ጠባዩ ግን የዚያኛው ነው።

"እናት፣ ልጅቷን እቀፊያት። እዚህ ገና ሁለት ሰው ይገባል።"

"አይገባም።"

"እንዴት አይገባም? ሁለት ናችሁ!"

"ሦስት ነን። እኔ፣ ልጄና እጇ።"

"ለእጅ ወንበር የተያዘበት መኪና የት አይተሻል?"

"ዛሬ አየህ። ከፈለግህ ሾፌሩን ጥራው፣ ከፈለግህ ትራፊክ ጥራ። እኔ በር ላይ መቀመጥ ለምጃለሁ።"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀችና "ተወው ልጄ፣ እጅ ነው የተሳፈረው" አለችው። ሁለት ወጣቶች ተጠጋግተው ለሌሎቹ ቦታ ለቀቁ። ረዳቱ እያጉተመተመ በሩን ዘጋ። መኪናው ተነሣ፤ የሰሚራ እጅ በራሱ ወንበር፣ በራሱ ትራስ ላይ፣ ማንም ሳይነካው ቁሊቶ ገባ።